ከረጢቱ ባዶ ነበር

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እናቱ መጥተው ጠሩኝ። የጎጃም ደጋ የክረምት ሌሊት አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ እርሳቸው ግን ጋቢያቸውን ለልጃቸው ደርበው በነጠላ ቆመዋል። «ሲስተር፣ ልጄን ምች መትቶታል፤ ዳማ ከሴ አምጥቼ ላሽትለት?» አሉኝ።

ልጁ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ በአራተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ከተጎዳ አምስት ወሩ ነበር። እኛ ሆስፒታል የተኛው በመቀመጫው ላይ ለወጣበት የመኝታ ቁስል ነው። ቤተሰቡ «ከደረቱ በታች በድን ነው» ይሉ ነበር። እኛም ባለሙያዎቹ በተረኛ ርክክብ ጊዜ ቃሉን ባንጠቀምም የምናስበው ከዚያ አይርቅም ነበር።

ስደርስ ፊቱና አንገቱ ቀልቶ ላቡ ይንጠባጠባል። «ራሴ ሊፈነዳ ነው» ይላል። ሆዱን ስነካው ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። የደም ግፊቱ 190 በ110፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 50። ማታ እኔው የመዘገብኩት ግፊት 95 በ60 ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ስሕተት ነው። ይረፍ ብዬ የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አድርጌ በጀርባው አስተኛሁት። ተረኛውን ሐኪም አስጠርቼ የደም ግፊት የሚያወርደውን ሃይድራላዚን በመርፌ መቅዳት ጀመርኩ። ደግሜ ስለካ የላይኛው ቁጥር 210 ደርሷል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በዚህ ግፊት የአንጎል ደም ሥር ሊፈነዳ እንደሚችል አውቃለሁና።

እናቱ ግን መለኪያውን አልነበረም የሚያዩት። «ካገላበጥሽው ወዲህ እዚህ ከረጢት ውስጥ ጠብታ አልገባም። የጠጣው ውኃ የት ሄደ?» አሉኝ።

ጋቢውን ገለጥኩት። የሽንት ቱቦው ታጥፎ ከጭኑ ሥር ተረግጧል። ስድስት ሰዓት ላይ ከረጢቱን ባዶ አድርጌ ልጁን ወደ ሌላው ጎኑ ያዞርኩት እኔ ነበርኩ። ቱቦውን ሳቃናው ሽንቱ ወረደ፣ ወረደ፣ የሚያቆምም አልመሰለኝ። ሐኪሙ ደርሶ በመጀመሪያ ራስጌውን ከፍ አድርጎ አስቀመጠው፤ ደም ወደ እግሮቹ እንዲወርድ ነው። የሱሪውን ማሰሪያ ፈታ፤ መርፌውንም ከእጄ ተቀብሎ አስቀመጠው። በየጥቂት ደቂቃው ለካን፤ 160፣ 130፣ ከዚያም 100። መድኃኒቱን ሰጥቼው ቱቦው ከዚያ በኋላ ተቃንቶ ቢሆን ኖሮ፣ ግፊቱ ልናቆመው እስከማንችል ድረስ ሊወርድ ይችል ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ሐኪሙ እርሳስ ይዞ በወረቀት ላይ ሣለልኝ። የሽንት ፊኛ ሲወጠር መልእክቱ በኅብለ ሰረሰሩ ታችኛ ጫፍ ገብቶ ወደ ላይ ይጓዛል። ጉዳቱ ያለበት ቦታ ላይ መንገዱ ተቆርጧልና አንጎል አይሰማም፤ ስለዚህ ልጁ «ሽንቴ መጣ» አይልም። መልእክቱ ግን በጉዞው ላይ የደም ሥርን የሚያጠብቡትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ቀስቅሷል። እነዚህ ነርቮች ከአንደኛው የደረት እስከ ሁለተኛው የወገብ ክፍል ድረስ ከኅብለ ሰረሰር ይወጣሉ። ብዙ ደም የሚይዙት የሆድ ዕቃ ደም ሥሮች የሚታዘዙት ከአምስተኛው የደረት ክፍል ጀምሮ በሚወጡት ነው። ችግሩ በአብዛኛው በስድስተኛው የደረት ክፍልና ከዚያ በላይ በተጎዱ ሰዎች ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። በሕክምና ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል።

አንጎልም ዝም አይልም። በአንገት ደም ቅዳና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ፣ ላይ ያሉት የግፊት ዳሳሾች ለአንጎል ግንድ ይነግሩታል፤ እርሱም ሁለት ትእዛዝ ይልካል። አንዱ በቬገስ ነርቭ ወደ ልብ ይሄዳል፤ ቬገስ በኅብለ ሰረሰር ስለማያልፍ ትእዛዙ ይደርሳል፤ ልብም ይዘገያል። «ደም ሥሮቹን ልቀቁ» የሚለው ሌላው ትእዛዝ ግን ቁልቁል ወርዶ ጉዳቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከጉዳቱ በላይ ቆዳው ይቀላል፣ ያልበዋል፤ ከበታች ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል። 50 የልብ ምትም፣ የቀዘቀዘው ሆድም በእጄ ላይ ነበሩ። እኔ ግን የመለኪያውን ቁጥር ብቻ ሳሳድድ ነበር። በድን ያልነው አካል በሕይወት አለ፤ ሲወጠር፣ ሲቆስል፣ ሰገራ ሲደርቅበት በራሱ መንገድ ይጮኻል፤ የሚሰማው አጥቶ እንጂ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እናቱ «ካርዱ የእንግሊዝኛ ነው፤ ለእኔ በአማርኛ ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። የዘወትር ግፊቱ 95 በ60 ነው። ራሱን ካመመውና ፊቱን ካላበው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቱቦውን እዩ፤ ሆዱ ደርቆ ሰገራ አልወጣ ብሎት እንደሆነ፣ ቁስሉን፣ የእግሩን ጥፍር ሳይቀር እዩ፤ ካልተሻለው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ይህንንም ወረቀት አሳዩ።

ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ወደ ብቸና የሚሄደው መኪና ላይ ልጁን ከጫኑት በኋላ፣ ጋቢውን ከማልበሳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱት።