ከምሳ በፊት የማይወጣው ጽሑፍ

የምሠራበት ድርጅት ብሎግ ለዓመታት በዎርድፕረስ ነበር የሚሠራው። ፕለጊን አዘምን፣ ፓስወርድ ቀይር፣ የተጠለፈ ገጽ አጽዳ፤ ሥራው አያልቅም። የምናወጣው ደግሞ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁጎ ወደሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም አዞርነው። ሁጎ የማርክዳውን ፋይሎችን (በቀላል ምልክቶች የተጻፈ ተራ ጽሑፍ) አንብቦ ገጹን ሁሉ አስቀድሞ ብራውዘር የሚያነበው ኤችቲኤምኤል ያደርገዋል። እንደ ዎርድፕረስ ዳታቤዝ የለ፣ ፒኤችፒ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የለ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ጄኪል እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንጋፋ ነው፤ ግን ሩቢ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ መጫን ይፈልጋል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ያደክማል። ሁጎ አንድ ፋይል ነው። አውርደህ ታስነሳዋለህ፣ በቃ።

ጽሑፍ የምትለቀው ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ላከች። ፋይሎቹን ተቀብሎ ሳይቱን የሚገነባልን ጊትሀብ ተሳክቷል የሚል አረንጓዴ ምልክት አሳየ። ሳይቱ ላይ ግን ጽሑፉ የለም።

«ወጥቷል አላልሽኝም ልጄ?» አሉ ኤዲተራችን፣ ስልካቸውን እየነካኩ።

«ወጥቷል ጋሼ፣ ይኸው!» ላፕቶፗን አዞረችላቸው።

«ያንቺን ላፕቶፕ ምን ላድርገው? አንባቢው እዚህ ድረስ ይመጣል?»

ካሽ አጸዳን። ኔትወርኩን ረገምን። ጀማሪ ሁሉ የሚያዝበትን፣ ጽሑፍ እንዳይወጣ የሚያግደውን የረቂቅ ምልክትም አየሁ፤ አጥፍታዋለች። ከምሳ በኋላ ጋሼ አንድ የፊደል ግድፈት አገኙ። አርማ ስትልከው ጽሑፉ ብቅ አለ! ቢሮው ውስጥም «ሁጎ የፊደል ግድፈት ካለ አያወጣም» የሚል ወሬ ተነሳ። ከምራቸው ያመኑም ነበሩ።

ቀጣዩም ጽሑፍ ያው ሆነ። ጠዋት የለም፤ ከሰዓት ነካ አድርጋ ስትልከው አለ። ፋይሉን ከፍቼ አናቱን አየሁት። ከቀኑ ቀጥሎ 10:00:00 ይላል፣ ከኋላው ግን +03:00 የለም። ፋይሉን በሁጎ ትእዛዝ ብትፈጥረው ኖሮ ራሱ ይጨምርላት ነበር። እሷ ቀኑን በእጇ ነው የምትጽፈው። ሰዓት ዞን ካልነገሩት ሁጎ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቆጥራል፣ እኛ ደግሞ ዩቲሲን በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። ስለዚህ እሷ የእኛን 4 ሰዓት ብላ የጻፈችው ለሁጎ የእኛ 7 ሰዓት ነው። ጊዜው ያልደረሰ ጽሑፍ ደግሞ ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ ስህተት ብሎ እንኳ አይጮህም። 7 ሰዓት ሲሞላም በራሱ አይወጣም፣ ሳይቱ እንደገና መገንባት አለበት። የፊደል እርማቱ የሠራው ይህንኑ ነው። ላፕቶፗ ላይ የታየውም ከኢንተርኔት የቀዳችው ትእዛዝ ረቂቁንም የወደፊቱንም አብሮ ስለሚያሳይ ነበር።

የሁጎ ማስተካከያ ፋይል ላይ የአዲስ አበባን ሰዓት ዞን የሚያስገባ አንድ መስመር ጨመርን። ከዚያ ወዲህ የረፋዱ ጽሑፍ በረፋዱ ይወጣል።

ለጋሼ ነገሩን ከስሩ አስረዳኋቸው። ጥሞና ሰጥተው ሰሙኝ። «ገባኝ» አሉ፤ «ግን የፊደሉን ወሬ አታፍርስብኝ። ሰሞኑን የሚመጣልኝ ጽሑፍ ሁሉ ንጹሕ ነው።»