«አጥንት አልተሰበረም» ከተባለ በኋላ

መጋዘን ውስጥ 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ካርቶን ከላይኛው መደርደሪያ ተንሸራተተ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሠራተኛ በቀኝ እጁ ሊይዘው ሲንጠራራ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። በዚያው ቀን ራጅ ተነሣ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ መገጣጠሚያውም አልወለቀም ተባለና ማስታገሻና የአንድ ሳምንት ዕረፍት ተሰጠው። ወደ ሥራ ሲመለስ ቀኝ እጁን ከደረቱ በላይ የሚያነሣው በግራው እየደገፈ ነበር። ሁለት ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ ተወግቶ ሕመሙ ጋብ ስላለለት ሁሉም እየተሻለው መሰላቸው።

ስለ ቀዶ ሕክምና የተነሣው ከአደጋው በኋላ በዘጠነኛው ወር ነው። ኤምአርአይ (ጅማትና ጡንቻን የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ሲታይ ክንድን ለማንሣት የሚረዳው የላይኛው ጅማት ከአጥንቱ ሙሉ በሙሉ ተላቆ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል፤ የጡንቻውም ግማሽ ያህል በስብ ተተክቷል። እንዲህ ያለውን ጅማት ጎትቶ መስፋት ቢቻልም ስፌቱ የመልቀቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ ስብ የሆነው ጡንቻም በአብዛኛው ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሐኪሙና ሠራተኛው ተመካክረው ጥገናውን ተዉትና የቀሩትን ጡንቻዎች በፊዚዮቴራፒ ማጠንከር ጀመሩ።

ራጅ ጅማት አያሳይም። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው መልስ ትክክል ነበር፤ ችግሩ እሱን የመጨረሻ መልስ አድርጎ መውሰዱ ነው። ከአደጋ በኋላ ድንገት ኃይል ያጣ ክንድ ሕመሙ ትንሽ ሲበርድ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እንደገና መፈተሽ አለበት። ታማሚው ክርኑን ከጎኑ አስጠግቶ 90 ዲግሪ ያጥፍ፤ መርማሪው ክንዱን ወደ ውጭ አዙሮ ይልቀቀው። ክንዱ ባለበት መቆየት አቅቶት ወደ ሆድ ከተመለሰ ከትከሻው በስተኋላ ያሉት ጅማቶች መበጠሳቸው በጣም ያጠራጥራል። ኃይል ያሳጣው ሕመሙ ይሁን ጅማቱ ካልተለየ፣ ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ ይፈትናል፤ ሕመሙ ጠፍቶ ድክመቱ ከቀረ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ሳይውል ሳያድር ይታዘዝ። በአደጋ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት የተሻለ ውጤት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት ውስጥ ሲጠገን ነው።

ወሬው በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ ፍርሃት ለቀቀ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ትከሻው ከዓመት በላይ ቀስ በቀስ ያመመው፣ «እኔስ ሳልዘገይ ቀዶ ሕክምና ላድርግ» ብሎ ተነሣ። የእሱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የወደቀም የተቀጨም ነገር የለም፤ ያመዋል እንጂ ክንዱ ሙሉ ኃይል አለው፤ ምስሉ ያሳየው ጅማቱ በከፊል እንደሳሳ ነው። እንዲህ ያለ መሳሳት፣ እንዲያውም ሙሉ ቀዳዳ፣ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም ይገኛል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ በምስል ብቻ ለቀዶ ሕክምና መቸኮል ስሕተት ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ከጅማቱ በላይ ያለውን አጥንት በመፋቅ ቦታ የማስፋት ቀዶ ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2018 በታተሙ የብሪታንያና የፊንላንድ ጥናቶች ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና (አጥንቱ ሳይፋቅ ከሚቀርበት) ጋር ተነጻጽሮ፣ በሕመምተኛው ላይ ጉልህ የሆነ ብልጫ አላሳየም።

ለዚህ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ቢያንስ 12 ሳምንት የሚዘልቅ የምር ልምምድ ነው። በጎን ተኝቶ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር፣ እንደ ቀዛፊ ላስቲክ መሳብ፣ ክንድን በትንሽ ክብደት ማንሣት፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 15 ጊዜ። መጠነኛ ሕመም ችግር የለውም፤ በማግሥቱ ካልበረደ ክብደቱ ይቀነስ። ብዙዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ትተውት «ፊዚዮቴራፒ አልሠራልኝም» ይላሉ፤ ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይጠነክርም። (ሌላ ሰው ይዞ ሲያዞረውም ወደ ውጭ አልዞር የሚል ትከሻ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመገጣጠሚያ መድረቅ ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ሌላ ነው።)

ጥገና የሚያስፈልገው ሰው ከመፈረሙ በፊት ቀጣዮቹን ወራት ከአሠሪው ጋር ይነጋገርባቸው። እጁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ እስከዚያ በራሱ ኃይል ማንሣት የለበትም። የማጠንከሪያ ልምምድ የሚጀመረው በአብዛኛው በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ከባድ ዕቃ ከራስ በላይ ማንሣት ግን ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አደገኛው ጊዜ ሕመሙ ጠፍቶ ጅማቱ ገና ከአጥንቱ ጋር ያልተዋሐደበት ነው፤ ያኔ አንድ ባልዲ ማንሣት እንኳ ስፌቱን ሊያላቅቀው ይችላል። ሲጋራና ያልተስተካከለ የደም ስኳር መዳኑን ያዘገያሉ። በቅርብ ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋም ለቀዶ ሐኪሙ ቀኑን ይንገር፤ ለኢንፌክሽን እንዳይጋለጥ ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል።