0.9 ሲያሳይ አትደሰቱ

በኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ በኤሌክትሮዶች የሚቀርጽ ዘዴ) የሁለት ቻናሎችን ሞገድ ስምምነት መለካት ብዙውን ጊዜ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀረጻው ዓይን ተጨፍኖ፣ በ19 ኤሌክትሮድና በ250 ኸርዝ ነበር። ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ያለውን የአልፋ ሞገድ በፊልተር ለየሁ (ቀረጻውን ከመቆራረጣችሁ በፊት አጣሩ፤ ፊልተር ጫፍ ጫፉን ያበላሻል)፣ በሂልበርት ትራንስፎርም በተባለው ስሌት ፌዙን (ሞገዱ በየቅጽበቱ በዑደቱ የት እንደደረሰ) አወጣሁ፣ ከፌዝ ልዩነቱ ፒኤልቪ የተባለውን ከ0 እስከ 1 ያለ የስምምነት መለኪያ አሰላሁ። ልዩነቱ በየሙከራው (ቀረጻው በተቆረጠበት በእያንዳንዱ ክፍል) ያው ከሆነ ፒኤልቪ ወደ 1 ይጠጋል፤ ከተበታተነ ይወርዳል።

ጉድ የሠራኝ ሪፈረንሱ፣ ማለትም የየቻናሉ ንባብ የሚለካበት መነሻ ነው። ሁሉም ቻናል የተነበበው ከጆሮ ጀርባ ካለ አንድ ኤሌክትሮድ አንጻር ነበር፤ ከግንባር እስከ ማጅራት ፒኤልቪ 0.9 አካባቢ ወጣ። ግን ከየቻናሉ የሚቀነሰው ያው አንድ ሲግናል ነው። ዓይን ሲጨፈን አልፋ ወደ ሪፈረንሱ ኤሌክትሮድም ስለሚደርስ በሁሉም ቻናል ይገባል፤ ስሌቱ ሪፈረንሱን ከራሱ ጋር እያመሳከረ ነበር ማለት ነው። የፌዝ ልዩነቱን በሂስቶግራም ባየው ዜሮ ላይ እንደ ችካል ተተክሎ አገኘው ነበር። ቁጥሩን ብቻ አይቼ አለፍኩ፤ እስካሁን ያናድደኛል።

መመሪያዎች «የሁሉንም ቻናል አማካይ ሪፈረንስ አድርጉ» ይላሉ። በ19 ኤሌክትሮድ ይህ አንዱን የጋራ ሲግናል በሌላ መተካት ነው። ደግሞ የራስ ቅልና የራስ ቆዳ ኤሌክትሪኩን ስለሚያሰራጩት አንድ ምንጭ በብዙ ኤሌክትሮዶች በአንዴ ይነበባል፤ ይህን ሪፈረንስ መቀየር አያስቀረውም። እኔ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ ወጣው ደብሊውፒኤልአይ ወደተባለ ሌላ የፌዝ ስምምነት መለኪያ ዞርኩ፤ የ0 እና የ180 ዲግሪ ልዩነትን አይቆጥርም። እውነተኛ ስምምነት ያለ መዘግየት ከመጣ እሱንም ይጥላል። ይሁን፣ ከውሸት 0.9 ይሻለኛል።

የሙከራ ብዛትም ያታልላል። ምንም የማይገናኙ ሁለት ሲግናሎች በ20 ሙከራ በአማካይ 0.2 ገደማ፣ በ80 ሙከራ 0.1 ገደማ ፒኤልቪ ይሰጣሉ። ሁለት ሁኔታ ስታወዳድሩ የሙከራውን ቁጥር እኩል አድርጉ።

የአንዱን ቻናል ሙከራዎች ቅደም ተከተል 1000 ጊዜ አደባልቆ የሚወጣውን ፒኤልቪ ከእውነተኛው ጋር ማወዳደር ያድናል የሚባለውንም አትመኑ። መደባለቁ የሪፈረንሱንም የጋራ ሲግናል አብሮ ስለሚበትነው፣ የእኔ 0.9 ፈተናውን በቀላሉ አልፎ ነበር።