ያ የኅዳሩ ደም

ቀኑ ጥር 13 ነበር። ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን ዘግተን ስለዋልን በረንዳው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ከካምፓስ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ በአንድ የግል ክሊኒክ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ አልትራሳውንዱንም የማነሣው እኔው ነኝ።

አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ላይ የገባችው ሴት ሃያዎቹን ያጋመሰች ናት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቡናማ ደም ነክቷታል። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ስላት አላመነታችም፤ «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» አለችኝ። እኛ አገር ቀን የሚያዘው እንዲህ ነው፣ ካላንደር ቢጠፋ ታቦቱ አይጠፋም። ኅዳር 13 ማለት ነው። እስከ ጥር 13 ድፍን 60 ቀን፣ ስምንት ሳምንት ከአራት ቀን። እንደዚያ ቀን ሒሳብ ቀሎኝ አያውቅም።

ፊኛዋ ሞልቶ ስለነበር በሆድ በኩል አየኋት። በብልት በኩል የሚያየው ቀጭኑ ፕሮብ (የአልትራሳውንዱ መመልከቻ ዘንግ) መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ማስረዳት አለው፣ ፊኛ ማስጨረስ አለው፣ ኮንዶም ማልበስ አለው፣ በረንዳው ደግሞ ሞልቷል። የፅንሱ ከረጢት ታየኝ፣ ፅንሱን መጀመሪያ ላይ የሚመግበው ዮክ ሳክም ታየኝ። ከጎኑ የምስር ክክ የምታክል ፅንስ አለች፤ ለካኋት፣ 4 ሚሊ ሜትር። የልብ ምት የለም። ስምንት ሳምንት ተኩል የሞላው ፅንስ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ መድረስ ነበረበት። ለእኔ ነገሩ አለቀ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ፅንሱ ማደጉን አቁሟል» አልኳት። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «እሺ» ብቻ አለች። ማኅፀኗን የሚያጸዳውን ክኒን ጽፌ፣ ካርዱን ሰጥቼ ሸኘኋትና ቀጣዩን ጠራሁ።

አዋላጇ ሲስተር እኔ ሳልወለድ ሥራ የጀመረች ሴት ናት። ካርድ ሳታነብ አታሳልፍም፤ ይህ ልማዷ ያናድደኝ ነበር። በረንዳው ላይ አስቁማ የጠየቀቻትን ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

«ያ የኅዳሩ ደም እንደ ወትሮሽ ነው የመጣው?»

«ኧረ ሲስተር፣ ሁለት ቀን ነካ ነካ አድርጎኝ ነው የተወኝ። መርፌውን ካቆምኩ ወዲህ መቼ ተስተካክሎልኝ ያውቃል?»

የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። የመጨረሻውን ሰኔ ላይ ተወግታለች። መርፌው ከተተወ በኋላ እንቁላል መውጣቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በመሃል የሚታየው ነጠብጣብ ደግሞ ወር አበባ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ የቆጠርኩት 60 ቀን ከምንም ተነሥቶ የተቆጠረ ነው። ቀኑን ጠየቅሁ እንጂ ደሙን አልጠየቅሁም።

ሲስተር በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ዶክተር፣ ሰባት ሳይሞላ ክኒን መስጠት ተጀመረ እንዴ?» ብላ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለክብሬ ብላ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሰባት ያለችው 7 ሚሊ ሜትሩን ነው። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ታሪኩን ልናገር። እንግሊዝ አገር እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ልብ የማይመታበት ፅንስ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ወይም ፅንስ የሌለው ከረጢት በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ እርግዝናው አብቅቷል ይባል ነበር። አሜሪካኖቹ በ5 እና በ16 ይወስኑ ነበር። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ከአንድ ሺሕ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ሲወጣ፣ በድሮው ልክ ሞተዋል ከሚባሉት መካከል በሕይወት ያሉ ተገኙ። መለኪያው ራሱም ይዋዥቃል፤ አንዱ 20 ያለውን ከረጢት ሌላው 16.8 ወይም 24.5 ሊለው ይችላል። ልኩ ወደ 7 እና ወደ 25 ከፍ ተደረገ፤ በ2013 የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶችም በዚሁ ተስማሙ። ይህም በቀጭኑ ፕሮብ ከታየ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን ጠብቆ ደግሞ ማየት እንጂ ፍርድ የለም። የእኔዋ 4 ነበረች፤ በድሮው ልክ እንኳ አትሞላም። ቀኑን ስላመንኩ ሚሊ ሜትሩን ረሳሁት።

ሴትዮዋን መልሼ አስገባሁ። መቼም «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮ ላይ ሲያንቅ ይታወቃል። ወረቀቱን ፊቷ ቀደድኩት። ፊኛዋን አስጨርሰን በቀጭኑ ፕሮብ አየን፤ 4.6፣ አሁንም የልብ ምት የለም። «ሞቷል ማለት አልችልም፣ ደህና ነው ማለትም አልችልም። ደሙ ከበዛ ወይም ሕመም ከጠናብሽ ሌሊትም ቢሆን ነይ» አልኳት። የመመለሻ ቀኑን የመረጠችው ራሷ ናት፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት።

ጥር 22 መጣች። 13 ሚሊ ሜትር፣ ልቡ በደቂቃ 152። ሲስተር ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ምንም አላለችም።

በዚህ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግንቦት ላይ ሌላ እናት መጣች፣ ስድስት ሳምንት ገደማ። ልቡ ይመታል፤ በደቂቃ 82 ነው። ከጥር ወዲህ የምትመታ ልብ ባየሁ ቁጥር ፈንጠዝያ ይይዘኝ ነበርና «እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩ። ድምፁንም በዶፕለር፣ ምቱን በሚያሰማው የአልትራሳውንዱ ዘዴ፣ ከፍቼ አሰማኋቸው፤ ቤተሰብ ይወደዋል፣ ግን በዚያ ዕድሜ ፅንሱ ላይ ብዙ ጉልበት ስለሚያሳርፍ አይመከርም። በስድስተኛው ሳምንት ከ90 በታች የሆነ ምት ብዙ ጊዜ እንደማይዘልቅ አንብቤአለሁ። ቁጥሩን ካርዱ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ለእነሱ አልነገርኳቸውም።

በዘጠነኛው ቀን ደም እየፈሰሳት መጣች። ልቡ ቆሟል። አማቷ በሩ ላይ ቆመው «ዶክተሬ፣ ይመታል ብለኸን አልነበር? እኛ እኮ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረናል» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ጥያቄ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን «ዛሬ አይታወቅም፣ በሳምንቱ ተመለሱ» ስል አንዳንዱ ባል ዓይኑን ያፈጥብኛል። አንዱማ «ሁለት ጊዜ ልትቀበለን ነዋ!» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ሁለት ጊዜ እንቀበል ነበር። ለክሊኒኩ ባለቤት ነግሬ የድጋሚው እይታ በነጻ እንዲሆን ጠየቅሁ። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ብዙ አሰበ። «እሺ፣ ግን ጄሉን ቆጠብ አድርግ» አለኝ።