የገብስማዋ እግር

ገብስማዋ ዶሮዬ ቀኝ እግሯን የሰበረችው ከቆጥ ስትወርድ ነው። እግሯ በሁለት ጣውላ መሀል ገብቶ ተያዘ። ከጉልበቷ በታች ያለው ቅርፊታሙ እግር ወደ ጎን ተንጋደደ። ቆዳው አልተቀደደም፤ ተመስገን ነው። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ቢወጣ ኖሮ ቤት ውስጥ የምንሞክረው ነገር አይኖርም ነበር።

የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከተማችን በዶሮ እርባታ የታወቀ ነው፤ ለተሰበረች ዶሮ የሚሰጠው ምክር ግን እዚህም ያው ነው። ጎረቤታችን እማማ መጥተው አዩዋትና «ልጄ፣ ምን ያደክምሻል፣ ጾሙ ሳይገባ በቢላ አሳርፊያት» አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ እንስሳ ሲሰቃይ ማየት አይወዱም። እኔ ግን እሺ አላልኩም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ የፈረንጅ ዶሮ በብዙ እጥፍ ትበልጣታለች። ማቀፍ ላይ ግን የፈረንጇ የለችበትም። ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ቄቦች አቅፋ የፈለፈለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ክንፏ ሥር የሰበሰበች ገብስማዋ ናት። ደግሞም እወዳታለሁ።

ግቢያችን የተከራየ ልጅ አለ። እዚሁ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንስሳት ሕክምና ይማራል። ገና ሳይነካት «ስትወድቅ አይተሻታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደጠየቀ ኋላ ነው የገባኝ። ያነከሰች ዶሮ ሁሉ የተጎዳች አይደለችም። አንዷ ቄብ አንድ እግሯን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ዘርግታ ከተኛች ማሬክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን የሚሰጥ ክትባት ነው። አንገት የሚያጣምም፣ ክንፍ የሚጥል ከሆነ ደግሞ ፈንግል ያስፈራል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ከመንጋው ለዩዋት፣ ከዚያ ሐኪም ጥሩ።

የኛዋ ስብራት መሆኑ ተለየ። የሰፈራችን ወጌሻ አባባ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ጠርዙን በምላጭ አለስልሰው ሰጡን። በነጠላ ጠቀለልኳትና ዓይኗን ሸፈንኩላት፤ ዶሮ ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች። ልጁ እግሯን ቀስ ብሎ አቀና፣ ጥጥ አለበሰው፣ ቀርከሃውን ግራና ቀኝ አድርጎ በፋሻ ጠመጠመ። አባባ ቆመው «አታጥብቀው፣ አታጥብቀው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ያጣል፣ ይሞታል። ስለዚህ ጣቶቿ ከፋሻው ውጭ ቀሩ። ጠዋትና ማታ እነካቸዋለሁ። ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ወዲያው ይፈታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማስተኛት ነው። ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሰጋቱራ በወፍራሙ አነጠፍኩላት። ስስ ከሆነ ደረቷ ይቆስላል፤ ክብደቷን ሁሉ የተሸከመው ደህናው እግርም መዳፉ ሥር ይቆስልና ያብጣል። የረጠበውን በየቀኑ መቀየር ግድ ነው። ካርቶኑን ከዶሮ ቤቱ ሽቦ አጠገብ አደረግኩት። ከሌሎቹ ዶሮዎች ጋር አብራ ብትሆን ይነክሷታል፤ ዶሮ ለደካማ አትራራም። ጨርሶ ከተሰወረችባቸው ደግሞ ስትመለስ እንደ ባዳ ያዩዋታል። መኖዋንና የውኃ ጣሳዋን አፏ ሥር አስጠጋሁ። የጎመን ቅጠልና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊትም እጨምርላታለሁ።

«አንቲባዮቲክ ገዝተሽ ውኃዋ ውስጥ በጥብጪላት» ያሉኝ ብዙ ናቸው። በዚህ ነገር አልስማማም። ቁስል የለ፣ መግል የለ፤ ምኑን ሊያክም? ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ለልጆቻችን ነው የሚተርፈው። ሐኪም ሳያዝ ለዶሮ መድኃኒት መስጠት ቢቀር ደስ ይለኛል።

የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ 3 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ፋሻው ሲፈታ ስብራቱ ላይ ጠንካራ እብጠት ነበር። ልጁ ዳሰሰውና «ይዟል» አለ። መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነካ ታደርግ ነበር፣ ከዚያ ረገጠችበት። ማታ ሲጨልም ቆጥ ላይ አስቀመጥኳት፤ ዶሮዎች ጨለማ ውስጥ ጠብ አያነሱም። ጠዋት አንዷ ቄብ ልትነክሳት ሞክራ ነበር። ገብስማዋ አንዴ ስትመልስላት ነገሩ በዚያው ቀረ።

ስትሮጥ አሁንም ታነክሳለች። ቆጡን ዝቅ አድርገነዋል፣ ጣውላዎቹንም ገጥመን በምስማር መትተናቸዋል። የናንተም ቆጥ ሥር እግር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ዛሬውኑ ድፈኑት።