15 ሲደመር 45

ጂአርኢ በሚሉት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሒሳቡ ዝቅተኛ ውጤት 130 ነው። ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ለመመዝገብ ልቤ የቆረጠው ይህን የሰማሁ ዕለት ነው።

ጅማ፣ ጅሬን እህቴ ቤት ከትሜ አጠና ጀመር። አንድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። እኔም እንግዶቹ ይስሙልኝ ብዬ ጥያቄውን ጮክ አድርጌ አነበብኩ። መኪናው ሲሄድ በሰዓት 60፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነዳ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?

«50!» አልኩ። ምርጫዎቹ ውስጥም 50 አለ። ለካ ለእኔ ዓይነቱ ታስቦ የተጠመደ ወጥመድ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ፈንዲሻ እያዞረች «48 ነው ጋሼ» አለች። «መንገዱን 120 ኪሎ ሜትር አድርገው። ሲሄድ 2 ሰዓት፣ ሲመለስ 3 ሰዓት። 240ን ለ5 አካፍል። ቀስ ብሎ ሲነዳ እኮ መንገድ ላይ የሚቆየው ብዙ ነው!»

እንግዶቹ ሲኒያቸውን እያዩ ዝም አሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስንት ዓመት ያኖረኝ ዘዴ ነው።

ለፈተናው አዲስ አበባ የምሄድበት ቀን ደረሰ። አውቶብሱ ከመናኸሪያ የሚነሳው ንጋት 12 ሰዓት ነው። ከቤት እስከዚያ 6 ኪሎ ሜትር በሉት። ባጃጅ ውስጥ የገባነው 11 ሰዓት ከ48 ላይ ነው። ልጅቷም ልትሸኘኝ አብራኝ አለች። በሰዓት 30 ከሄድን በ12 ደቂቃ ከች!

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ተበላሽቷል። ከፊታችን ደግሞ ቡና የተጫኑ አህዮች። ባለቤታቸው በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ፣ ቀስ ይላሉ። ለአህዮቹ ይሁን ለእኛ አልገባኝም። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ፍጥነታችንን አሰላሁ። 15!

ቆይ፣ መላ አለው። «ወንድሜ፣ የቀረውን በ45 ንዳው። 15ና 45 ሲደመር 60፣ ለሁለት 30። እንደርሳለን!»

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ይሄ ባጃጅ ነው» አለ።

«ባጃጅ አይደለም ችግሩ» አለች ልጅቷ። ሰዓቷን አሳየችኝ። ልክ 12 ሰዓት። «3 ኪሎ ሜትር በ15 ስንሄድ 12 ደቂቃ ሙሉ በልተናል። አሁን በአውሮፕላን ብትሄድም አማካይህ 30 አይሞላም። ጊዜው እኮ አለቀ፣ ጋሼ።»

ሌላ ቀን ቢሆን አጨበጭብላት ነበር።

ያም ሆኖ ተስፋዬ አልሞተም። በዚህ አገር በሰዓቱ የሚነሳ አውቶብስ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ተነስቷል። ቦታው ላይ የጭቃ ውኃ ብቻ ተኝቷል።

ሻንጣዬን እንደታቀፍኩ ስቀር ሾፌሩ አዘነልኝ መሰለኝ። «ከፈለግክ እንከተለው። ጊቤ ላይ እንይዘዋለን» አለ፣ ሳይስቅ።

ልጅቷን ዞር ብዬ አየኋት።

«የማሳደድ ጥያቄ ሌላ ምዕራፍ ነው» አለችኝ። «ገና አልደረስክበትም።»