አፋን ኦሮሞን የጀመርኩት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ነው

የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ለሥራ ወደ ቢሾፍቱ ሄድኩ። ሩቅ አይደለም፣ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፋን ኦሮሞ ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ጎረቤት ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲነገር ኖሯል። ግን ከ«አካም» (እንዴት ነህ ከማለት) የዘለለ አንድ ዓረፍተ ነገር አልችልም ነበር። ደግሞም አላሳሰበኝም፣ ሰው ሁሉ አማርኛ ይችላል ብዬ ነበር የማምነው።

ከዚያ አንዲት እናት መጡ። አሞክሳሲሊን ታዞላቸዋል። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ፍሬ» አልኳቸው። «እሺ፣ እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሆዴን አመመኝ ብለው ተመለሱ፤ ለካ ጠዋት ጠዋት ሦስቱንም አንድ ላይ ይውጡ ነበር። «ሦስት» የሚለው ገብቷቸዋል፣ «ጊዜ» የሚለው አልገባቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው። እሺ ሲሉኝ የገባቸው መስሎኝ ሸኘኋቸው። ሰው የማያውቀው ቋንቋ ፊት ሲቆም፣ በተለይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያናግረው፣ እሺ የሚለው እንዳያስቸግር ብሎ ነው።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። ዱከም አካባቢ ያደገች የሥራ ባልደረባዬን ምሳ ሰዓት ላይ በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሰዋስው አልጠየቅኳትም፣ ባንኮኒው ላይ የሚያስፈልገኝን ብቻ ነው። «ገነማ ቶኮ፣ ጉያ ቶኮ፣ ገልገላ ቶኮ» አለችኝ፤ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ይህችን አንዲት መስመር ቀን ከሌት ስላት ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ሁሉንም በኛ ፊደል መጻፌ ነው። ቦና ብዬ ጻፍኩ፣ በጋ ማለት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ቦና ብዬ ጻፍኩ፣ ይኼኛው ኩራት ነው። ልዩነቱ የ«ኦ» ድምፅ ማጠርና መርዘም ነው፣ ደብተሬ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ቁቤ፣ ማለትም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ በይፋ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ረጅሙን ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው ይለያቸዋል። ስለ ቁቤ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ! ይህን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ኤክስ የምንለው ፊደል ጠ፣ ሲ የምንለው ጨ ተብሎ እንደሚነበብ ስለምድ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላነበብኳቸው የሱቅ ማስታወቂያዎች ማውራት ጀመሩ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው። ለአንድ ሽማግሌ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ አልኳቸው። ባልደረባዬ ቀስ ብላ ጎተተችኝና ለታላቅ ሰው «አካም ቡልተን» ነው የሚባለው አለችኝ። እኛ አንተና አንቱን እንደምንለየው እነሱም ይለያሉ፤ ሰላምታ እያቀረብኩ መስሎኝ አንተ እያልኳቸው ነበር። ልጀምር የሚል ሰው ካለ ከቃላት በፊት የአክብሮቱን አነጋገር ይያዝ።

አጎቴ ሲሰማ «ማን አስገደደህ?» አለኝ። ማንም አላስገደደኝም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻው የሆነ 33.8 በመቶ ነው፣ አማርኛ ደግሞ 29.3 በመቶ። እኔ እኮ ጎረቤቴ የሚጸልይበትን፣ ልጁን የሚያባብልበትን ቋንቋ ነው ሳላውቅ የኖርኩት። የሌላውን ልጅ የራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን በአማርኛ ምን እንደምንለው ጠየቅኩት። «ጉዲፈቻ» አለኝ። የቤተሰብ ሕጋችንም የሚለው እንደዚያው ነው፣ ቃሉ ግን የኦሮሞ ነው።

እስካሁን ከልቤ ያልወጣ አንድ ነገር አለ። አስር ቃል በማይሞላ የተሰባበረ አፋን ኦሮሞዬ ሰዉ ሁሉ መረቀኝ፣ እጄን ሳመኝ፣ አንዱ ወተት ይዞልኝ መጣ። እነዚያ እናት ግን አማርኛ ሲሞክሩ ወረፋ የያዘ ጎረምሳ ሳቀባቸው። ያው ሙከራ ነው። ለኔ ምርቃት፣ ለሳቸው መሳቂያ። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ዓይነት አማርኛ እያስመሰልኩ እቀልድ ነበር፣ ቤት ውስጥም ይሳቅልኝ ነበር፣ ማንም ተው አላለኝም። ያን ቀን ልጁን ተቆጣሁት። ቀድሞ ቢሆን ዝም የምል ይመስለኛል።

አሁን መድኃኒት ስሰጥ ገባዎት ወይ ብዬ አልጠይቅም፣ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው እንዲነግሩኝ እለምናለሁ። እኚያ እናት ባለፈው ሰሞን ለደም ግፊታቸው መጥተው ነበር። ኤሳ ኢሲን ዹኩባ አልኳቸው፣ የት ነው የሚያምዎት ማለቴ ነው። «ዹ» አልወጣችልኝም። ይህች ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለችም፣ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ ነው የምትወጣው። ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈት አድርገው ምላሳቸውን አሳዩኝና «ዹ» አሉኝ። ደገምኩት። አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፣ እሳቸው ግን አልቸኮሉም።